ስለ አውጥና ስለ አስተናግር ቅጠል ሰርሳሪዎች በቀራንዮ የተደረገ ምልልስ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ትንሹ አቃቂ ከሰሜን ምዕራብ ተራሮች የሰበሰበውን ውኃ ይዞ በአትክልት መደቦችና በቆርቆሮ አጥሮች መካከል ቁልቁል በሚወርድበት ሠፈር፣ ክረምቱ አልፎ መስከረም ከጠባ በኋላ ባለቤት ባጣ መሬት ሁሉ ላይ አረም ይነግሣል፤ አውጡና አስተናግሩ፣ እምቧዩና አመድማዶው፣ ልቱና ጭጎጊቱ ማንም ሳይዘራቸው ይበቅላሉ፣ ማንም ሳይኮተኩታቸው ያብባሉ፣ ዘራቸውንም ለሚመጣው ዓመት ያወርሳሉ። ከዚህ ቀጥሎ የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች የጸሐፊው ፈጠራ ናቸው። አንደኛው ዕድሜያቸውን በዜማና በዕፀ ፈውስ ትምህርት የፈጸሙ መሪጌታ ሲሆኑ፣ ሁለተኛዋ በአራት ኪሎ የነፍሳትን ጥናት የምትከታተል የዚያው ሠፈር ልጅ ናት፤ እናቷም ከወንዙ ዳር ቆስጣ፣ ድንችና ጥቂት ቲማቲም ያለማሉ። ሰዎቹ ፈጠራ ቢሆኑም ነገሩ ፈጠራ አይደለምና አንባቢ በዚሁ ልክ ይመዝነው።

መሪጌታ፦ ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ ከዚህ አጥር ሥር ተንበርክከሽ አይሻለሁ። ለጸሎት ነው እንዳልል ፊትሽ ወደ ምሥራቅ አይደለም፤ ለማረም ነው እንዳልል ደግሞ አንድ ሥር እንኳ አልነቀልሽም። ምን ጠፍቶብሽ ነው?

ተማሪዋ፦ እንደምን አደሩ የኔታ። የጠፋብኝስ የለም፤ ያገኘሁትን ማንነት መለየት ነው የያዘኝ። የእናቴ ቲማቲም ቅጠሉ እየነጣ ሲደርቅ ጊዜ፣ ክፉው የመጣው ከዚህ አጥር እንደ ሆነ ለማወቅ አረሙን በየወገኑ እያየሁ ነው። እስቲ ይህን የአውጥ ቅጠል ወደ ብርሃን አንሥተው ይመልከቱልኝ።

መሪጌታ፦ አየሁት። በአረንጓዴው መካከል ነጭ መሥመር ይዞራል፤ መነሻው እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፣ እየሄደ ይሰፋል፣ ከቅጠሉ ጠርዝ ደርሶም ይመለሳል። ቀለም ያለቀበት ብዕር በብራና ላይ የሄደበትን ይመስላል። እኛ ይህን ስናይ ውርጭ ነካው፣ ወይም ዐይን ወጋው ብለን እናልፈዋለን።

ተማሪዋ፦ ውርጭም ዐይንም አይደለም፤ ቤት ነው። ቅጠል ከላይ አንድ ቆዳ፣ ከታችም አንድ ቆዳ አለው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ለስላሳ ሥጋ ደግሞ አረንጓዴው ነው። አንዲት ነፍሳት እንቁላሏን ከቆዳው ሥር ወይም ከቆዳው ላይ ታኖራለች፤ ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ ሁለቱን ቆዳዎች ሳይበሳ መካከሉን እየበላ ይሄዳል፤ በልቶ ያለፈበት ስፍራም ባዶውን ስለሚቀር ነጥቶ ይታያል። መሥመሩ እየሰፋ የሚሄደው የሚበላው እጭ እያደገ ስለሚሄድ ነው፤ ቀጭኑ ጫፍ ሕፃንነቱ፣ ሰፊው ጫፍ ጉልምስናው ነው። ስለዚህም ቅጠል ሰርሳሪ ብለን እንጠራዋለን።

መሪጌታ፦ እንግዲያው ከፀሐይ ንዳድ፣ ከነፋስና ከወፍ አፍ ተሰውሮ፣ ጣራውም ግድግዳውም የሚበላ ሆኖለት ይኖራል ማለት ነው። ሰው በአዲስ አበባ ቤት ለመሥራት ይህን ያህል በሚደክምበት ዘመን፣ ይህ ትል ያለ ካርታና ያለ ሊዝ ይኖርበታል! ይሁንና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዮናስን ያጠለለችውን ቅል የመታት ትል ነው ተብሎ ተጽፏል፤ የትኛው ትል እንደ ሆነ ግን መጽሐፉ አልነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ትል ትል ነው፤ ስሙን ማወቁ ምን ይረባል?

ተማሪዋ፦ ለዮናስ አይረባው ይሆናል፣ ቅሉ በአንድ ሌሊት አልቆበታልና። ለእናቴ ግን ይረባታል። ይህን የሰርሳሪነት ሙያ አራት ነገደ ነፍሳት ይሠሩበታል፤ ዝንቦች፣ የእሳት ራቶች፣ ጢንዚዛዎች፣ እንዲሁም ከተርብ ወገን የሆኑ ጥቂቶች። አንዱ ከሌላው ተምሮት አይደለም፣ እያንዳንዱ ነገድ ለየብቻው የደረሰበት ነው። ከነዚህም ውስጥ አንዱ በአንድ ዕፅ ብቻ የሚኖር ባሕታዊ ሲሆን፣ ሌላው ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ነው። በአጥሩ አረም ላይ ያለው ባሕታዊው ከሆነ ለቲማቲሙ ምንም አያደርግም፤ ሁሉን በሊታው ከሆነ ግን አጥሩ የጠላት ሠፈር ነው።

መሪጌታ፦ ይህ ምክንያት ነው፣ ተቀብያለሁ። ታዲያ የትኛው እንደ ሆነ በምን ትለዪዋለሽ? ቅጠሉ ተዘግቷል፣ ባለቤቱም በር አይከፍትም።

ተማሪዋ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ የትሉ ሳይሆን የዕፁ ነው፤ እዚህ ላይም ከእኔ ይልቅ እርስዎ ይበልጣሉ። በርሊን ውስጥ ይሠራ የነበረ ማርቲን ሄሪንግ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ፣ በ1957 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአውሮፓን ቅጠል ሰርሳሪዎች የሚለይ ታላቅ መጽሐፍ አሳትሟል። መጽሐፉ ስለ ነፍሳት ቢጻፍም የተደራጀው በዕፅዋት ስም ነው። አንባቢው አስቀድሞ ዕፁን ማወቅ አለበት፤ ከዚያ በዚያ ዕፅ ላይ የሚገኙት ሰርሳሪዎች መንገዳቸው ምን እንደሚመስል እያነጻጸረ ይወርዳል። ዕፁን የሳተ ሰው መጽሐፉን ሲገልጥ ቢውል ፍሬ የለውም።

መሪጌታ፦ እንግዲያስ የኔ ተራ ነው። ይህ ፍሬው ሲበስል የሚጠቁረው፣ ልጆች የሚበሉት፣ አበባው ነጭና ትንሽ የሆነው አውጥ ነው። ያኛው ነጭ ጥሩንባ የመሰለ አበባ ያለው፣ ፍሬው እሾኻም፣ ሽታው የሚከብደው አስተናግር ነው፤ ሌላው ሰው አጤ ፋሪስ ይለዋል፤ የቆሎ ተማሪ ስለ አብሾ ባወራ ቁጥር ስሙ የሚነሣውም እርሱ ነው፣ አጠገቡ አትዳሪ። ያ ደግሞ ቅጠሉ ከሥር ነጭ፣ ግንዱ እሾኻም፣ ፍሬው ቢጫ የሆነው እምቧይ ነው፤ ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች ያውቁታል። ከግንቡ ሥር ያለው ግዛዋ ነው፤ ቡዳ ያባርራል ብለው የሚያጨሱት። እነዚህን አራቱን በየፊናቸው አውቃቸዋለሁ፤ ዝምድና እንዳላቸው ግን የነገረኝ የለም።

ተማሪዋ፦ ዝምድናቸው የአንድ ቤተሰብ ነው። አበባቸውን ቢመለከቱ አምስት ጫፍ ያለው አንድ ወጥ ነው፤ ፍሬያቸውም ሲከፈት ብዙ ጥቃቅን ዘር አለው። ከዚህ ቤተሰብ ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬና ትምባሆም ይቈጠራሉ።

መሪጌታ፦ በርበሬ የአስተናግር ዘመድ! ይህን በሰንበቴ ላይ ባወራ ወጡን የሚቀምስልኝ አይገኝም።

ተማሪዋ፦ ይቅመሱት እንጂ፣ ዘመድነት ኃጢአት አያጋባም። የሚያስደንቀው የነዚህ ቤተሰቦች አመጣጥ ነው። ቲማቲም፣ ድንች፣ በርበሬና ትምባሆ ከአሜሪካ ምድር የመጡ ናቸው፤ አስተናግርም እንዲሁ፤ ድንችን ወደ አገራችን ያስገባው በትግራይ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሺምፐር ሲሆን ጊዜውም በ1858 ገደማ ነው ይባላል። ያ ከሥር የነጣው እምቧይ ግን የአገራችን ተወላጅ ነው፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ጥንተ ርስቱ ነው። ስለዚህም በዚህ አጥር ላይ ርስተኛውና መጻተኛው ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሰርሳሪዎቻቸውም እንደዚሁ።

መሪጌታ፦ መጻተኛው ሰርሳሪ ማን ነው?

ተማሪዋ፦ ስሙ በገበሬው ዘንድ ሳይቀር የታወቀ ነው፤ ቱታ አብሶሉታ ይሉታል። ከፔሩ አገር ተራራማ ምድር ተገኝቶ በ1917 በሊቃውንት የተመዘገበ፣ ርዝመቱ ከ5 እስከ 7 ሚሊሜትር የሆነ ግራጫ የእሳት ራት ነው። ለብዙ ዘመን ከደቡብ አሜሪካ አልወጣም ነበር። በ2006 መጨረሻ ስፔን ተገኘ፣ በ2008 ሰሜን አፍሪቃን ያዘ፣ በ2012 ገደማም አገራችን ደረሰ፤ እኔ የምጠራው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ ወዲህ በስምጥ ሸለቆ፣ በመቂና በዝዋይ በኩል፣ ቲማቲም የሚያለማው ሰው ያየውን ያውቀዋል። አንዲት እንስት እስከ 260 እንቁላል ትጥላለች፤ እጩ ቅጠሉን ሰርስሮ ሲጨርስ ወደ ግንዱና ወደ ፍሬው ይገባል፤ ካልተከላከሉለት እርሻውን በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል። ይህ ነፍሳት በቲማቲም ብቻ አይወሰንም፤ ቲማቲም ባጣ ጊዜ በአውጥና በአስተናግር ላይ ይቈያል።

መሪጌታ፦ እንግዲህ ነገሩ አለቀ! አውጡንና አስተናግሩን ዛሬውኑ ነቅሎ ማቃጠል ነው። መጥረጊያና ክብሪት እያለ መነጽር ማንሣት ለምን አስፈለገ?

ተማሪዋ፦ ቸኮሉ የኔታ። በዚህ አውጥ ላይ ያለው መሥመር የቱታ አይደለም። ቱታ እንዲህ ያለ ቀጭን ጠመዝማዛ መንገድ ይዞ አይጓዝም፤ ከጥቂት እርምጃ በኋላ ወደ ሰፊ ሰሌዳ ይለውጠዋል፤ ቅጠሉም በዚያ ስፍራ የተነፋ ፊኛ ይመስላል። ደግሞም ሲፈልግ ከአንዱ ቤት ወጥቶ ሌላ ይቈፍራል። ይህ ግን ከመነሻው እስከ መድረሻው አንድ መንገድ ነው፤ አልወጣም፣ አልገባም። አሁን አጉሊ መነጽሩን ይያዙና ኩሱን ይመልከቱ።

መሪጌታ፦ ኩሱን! በእርጅናዬ ዘመን የትል ኩስ ልመረምር ነው? እሺ፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች አያለሁ። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ እንደገናም በቀኝ፤ ቅኝትና ግራ ቀኝ ያወቀ ትል ነው።

ተማሪዋ፦ ምስክሩ እርሱ ነው። የዝንብ እጭ በመንገዱ ውስጥ የሚተኛው በጎኑ ነው፤ እየበላም ሲሄድ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ይገለበጣል፤ ስለዚህ ኩሱ በመንገዱ ግራና ቀኝ እየተፈራረቀ ይወድቃል። የእሳት ራት እጭ ኩስ ግን ብዙውን ጊዜ በመካከል ተሰልፎ ወይም ባንድ ስፍራ ተከምሮ ይገኛል። ምስክሩን ለማጽናት ቆዳውን በመርፌ ጫፍ እንገልጠዋለን። እጩ ራስና እግር ከሌለው፣ ከፊቱ ጥቁር የመንጠቆ አፍ ብቻ ከታየ፣ ዝንብ ነው፤ ቡናማ ራስና ጥቃቅን እግሮች ካሉት የእሳት ራት ነው። ይኸው፣ ራስም እግርም የለውም።

መሪጌታ፦ እውነትም። ታዲያ ቱታን ቢያገኙት ኖሮ በዚህ ብቻ ይበቃ ነበር?

ተማሪዋ፦ አይበቃም፣ ወንድም አለውና። የድንች እሳት ራት የሚባል ከርሱ ጋር እጅግ የሚቀራረብ ነፍሳት በድንችና በትምባሆ ቅጠል ውስጥ እንዲሁ ይሰረስራል፣ በጎተራም ድንቹን ይበሳል። የሁለቱ እጭ የሚለየው ከራሱ ቀጥሎ ባለው የአንገት ጋሻ ነው፤ የድንቹ እሳት ራት ጋሻው ሙሉ በሙሉ የጠቈረ ሲሆን፣ ቱታ ከጋሻው በስተኋላ ቀጭን ጥቁር መቀነት ብቻ አለው። ዝምድናቸው ከመቅረቡ የተነሣ ሊቃውንቱ ራሳቸው በ2021 ቱታን ከድንቹ እሳት ራት ወገን ቀላቅለው ሳይንሳዊ ስሙን ለውጠውታል፤ ገበሬው ግን እስካሁን ቱታ እያለ ይጠራዋል፣ እኔም ከገበሬው ጋር ነኝ።

መሪጌታ፦ ስም መለዋወጥ የሊቃውንት ጠባይ ነው፣ እኛም ቤት አለ። አንድ ነገር ግን ልብ ብያለሁ። ከዚህ ከቀራንዮ ሜዳ እስከ ዝዋይ የአየሩ ጠባይ የተራራቀ ነው፤ ያ የቆላ ነፍሳት ይህን ብርድ ይችላል?

ተማሪዋ፦ የተገኘው ከተራራማ አገር ነው ብያለሁና ብርድ አይገድለውም፤ ያዘገየዋል እንጂ። በ27 ዲግሪ ሙቀት ከእንቁላል እስከ ክንፍ ማውጣት 24 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ በ14 ዲግሪ ግን 76 ቀን ያህል ይወስድበታል። ስለዚህ በመቂ በዓመት ብዙ ትውልድ ሲያወርድ፣ በኮልፌ ደጋ የሚያወርደው ጥቂት ነው። የሆነ ሆኖ እኛ ራሳችን መንገድ እንከፍትለታለን፤ ከስምጥ ሸለቆ ወደ አዲስ አበባ ገበያ በሚገባ ሣጥን ቲማቲም ውስጥ ተሳፍሮ ይመጣል፣ የበሰበሰው ሲጣልም ከአጥር ሥር ያለውን አውጥ ያገኛል።

መሪጌታ፦ የዝንቡን ነገር ግን አልጨረስሽልኝም። ይህ በእጄ ያለው ርስተኛ ነው ወይስ መጻተኛ?

ተማሪዋ፦ ክርክሩ ያለው እዚያ ላይ ነው። ሊሪዮማይዛ የሚባሉ፣ ጥቁርና ቢጫ የተላበሱ፣ ከ2 ሚሊሜትር ብዙም የማይበልጡ ዝንቦች አሉ። ከነዚህ መካከል ሦስቱ ከአሜሪካ ምድር ወጥተው ዓለምን የዞሩ ናቸው። አንደኛዋ በ1976 ከፍሎሪዳ በመጣ የክሪሳንተመም አበባ ችግኝ ተሳፍራ ኬንያ ገብታ ከዚያ ተሰራጭታለች። ሌላይቱ ቀዝቃዛ ደጋ ይስማማታል፤ መንገዷንም በቅጠሉ ዋና ጅማት ጎን ትከተላለች። የአውሮፓ የኳራንቲን መርማሪዎች ከአፍሪቃ በሚመጣ አበባና አትክልት ላይ አጥብቀው የሚፈልጓቸው ስለ ሆኑ፣ ከዚህ ከምዕራብ በር ወጣ ብሎ በሆለታ አበባ የሚያለማ ሁሉ ስማቸውን ያውቃል። እነርሱ ባቄላ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ አረም ሳይሉ ይበላሉ። ከሌላ ወገን የሆነ፣ ከጎመን እስከ አተር የሚበላ አንድ ዝንብ ደግሞ አለ፤ እርሱ የሚለየው በፍጻሜው ነው። የሊሪዮማይዛ እጭ ሲጠግብ በቅጠሉ ላይ ግማሽ ክብ ቀዳዳ ቀዶ ወደ መሬት ይወርድና በአፈር ውስጥ ቅርፊት ለብሶ ይተኛል፤ ይህኛው ግን ከሰረሰረው ቤት ሳይወጣ በዚያው ቅርፊቱን ለብሶ ይተኛል። ስለዚህ ቅርፊቱ በቅጠሉ ውስጥ ከተገኘ አንዱ ወገን ከክርክሩ ወጣ ማለት ነው።

መሪጌታ፦ ሕጉ በሁለትና በሦስት ምስክር አፍ ነገር ይጸናል ይላል። እስካሁን ያቀረብሽልኝ ዕፁን፣ መንገዱን፣ ኩሱንና አፉን ነው። ምስክሮችሽ ብዙዎች ናቸው፤ ሁሉም ግን ስለ ወገኑ እንጂ ስለ ራሱ ስለ ተከሳሹ አልመሰከሩም። ራሱን አቅርቢልኝ!

ተማሪዋ፦ መልካም ዳኛ ነዎት። ራሱን ለማቅረብ ማሳደግ ግድ ነው። ቅጠሉን ከነእጩ ቀጥፌ፣ በትንሹ በረጠበ ሶፍት ላይ አድርጌ፣ አፉ በስስ ጨርቅ በታሰረ ብልቃጥ ውስጥ ከጥላ አስቀምጠዋለሁ። ውኃው ከበዛ ይሻግታል፣ ካነሰም ቅጠሉ ደርቆ እጩ በረኃብ ያልቃል። ዝንቡ ከወጣ በኋላ እንኳ የሦስቱን እኅትማማቾች ልዩነት በዐይን ብቻ መቍረጥ አይቻልም፤ በላቦራቶሪ የወንዱን የመራቢያ አካል በማጉያ መሣሪያ መመርመር ያሻል። ሊቃውንቱ ፍርዳቸውን የሚሰጡት በዚያ ነው። ነገር ግን ከብልቃጡ የሚወጣው ሁልጊዜ ዝንብ አይደለም።

መሪጌታ፦ ዝንብ ካልሆነ ማን ሊወጣ ነው?

ተማሪዋ፦ ተርብ። ከሰርሳሪውም የምታንስ፣ አረንጓዴ የብረት ቀለም የምታንጸባርቅ አንዲት ትንሽ ተርብ አለች፤ ዲግሊፈስ ትባላለች። በቅጠሉ ላይ እየተራመደች እጩ ያለበትን ስፍራ ታገኛለች፣ በቆዳው ላይ መውጊያዋን ሰድዳ እጩን ታደነዝዘዋለች፣ እንቁላሏንም ከጎኑ ታኖራለች። የርሷ ልጅ በሰርሳሪው ቤት ገብቶ ባለቤቱን ይበላዋል። እንደርሷ ያሉ ብዙ ወገኖች አሉ። አንድ አረም ላይ ካሉት እጮች ብዙዎቹን እነዚህ ተርቦች አስቀድመው ወርሰዋቸው ይገኛሉ።

መሪጌታ፦ እንግዲህ ገባኝ። አጥሩን ሙሉ በሙሉ ባቃጠልነው ወንበዴውን ከነዘበኛው እናቃጥላለን ማለት ነው።

ተማሪዋ፦ መድኃኒት ስንረጭም ያው ነው። ሰርሳሪው በሁለት ቆዳ መካከል ተሸሽጎ ስለሚኖር የሚረጨው ብዙውን ጊዜ አይደርሰውም፤ ተርቧ ግን በቅጠሉ ላይ በግልጥ ስለምትሄድ ቀድማ ታልቃለች። የሊሪዮማይዛ ዝንቦች በብዙ አገር ታላቅ መቅሠፍት የሆኑት በየሳምንቱ መርጨት ከተጀመረ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ተርቦቹ ይጠብቋቸው ነበር። ቱታም እንዲሁ፣ በደጋገሙበት ብዙ መድኃኒት ላይ መቋቋም አዳብሯል። ሰው ግን ቅጠሉ ሲነጣ ባየ ጊዜ የማንነቱን ሳይጠይቅ ወደ መድኃኒት ሻጭ ይሮጣል፤ ሻጩም ሳይጠይቀው ይሸጥለታል። በዚህ ሠፈር ቆስጣውና ሰላጣው በተረጨ በማግሥቱ ከሰው አፍ እንደሚደርስ ስናስብ ነገሩ የቲማቲም ብቻ አይደለም።

መሪጌታ፦ ስለዚህ አረሙን እንተወው ትያለሽ? ይህን ብትዪ እናትሽ በመጥረጊያ ያባርሩሻል።

ተማሪዋ፦ እንተወው አልልም፤ እንለየው እላለሁ። አውጥና አስተናግር ከቲማቲሙ መደብ መካከልና ከዳሩ ይነቀሉ፤ የቱታ መሸሸጊያ መሆናቸው የታወቀ ነውና እዚህ ላይ ከርስዎ ጋር አንድ ነኝ። በአስተናግሩ ላይ ሰፊ የተነፋ ሰሌዳ ካገኘሁ ነቅዬ በላስቲክ ከረጢት አስሬ ፀሐይ ላይ እጥለዋለሁ። ልቱና ጭጎጊቱ ግን የሌላ ቤተሰብ ናቸው፤ በላያቸው ያለው ሰርሳሪ የየራሳቸው ባሕታዊ መሆኑ በብልቃጥ ከተረጋገጠ ለተርቦቹ ማደሪያ ስለሚሆን ከአጥር ሥር ቢቈዩ ጥቅም አላቸው። አመድማዶው ደግሞ የቆስጣ ዘመድ ነው፤ በአውሮፓ ከአመድማዶ ወገን ወደ ቆስጣና ወደ ቀይ ሥር የሚሻገር የታወቀ ሰርሳሪ ዝንብ አለ፣ ስለዚህ እርሱን ከቆስጣው መደብ አጠገብ አላምነውም። አዩ፣ ፍርዱ በየአረሙ ይለያያል፤ ለዚህ ነው ስሙን መጠየቅ የሚረባው።

መሪጌታ፦ ረባ፤ ተረታሁ። አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ያ ጀርመናዊ ለአውሮፓ የጻፈው መጽሐፍ ለኛ አውጥ አይሆንም። የኛው የት አለ?

ተማሪዋ፦ ግማሹ አለ፣ ግማሹ የለም። የዕፅዋቱ መጽሐፍ ተጽፏል። ከ1980 ጀምሮ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየምና በስዊድኑ የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ትብብር፣ እነ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ ፕሮፌሰር ስብስቤ ደምሰውና ፕሮፌሰር እንሰርሙ ቀልቤሳ ከውጭ አጋሮቻቸው ከኢንጋ ሄድበርግና ከሱ ኤድዋርድስ ጋር ደክመው፣ የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት በ8 ቅጽ ጽፈው በ2009 ፈጽመዋል። እንግዲህ የመጀመሪያውን ጥያቄ፣ ማለት ይህ ዕፅ ማን ነው የሚለውን፣ የሚመልስልን አለ። በዚህ ዕፅ ላይ የሚሰረስሩት እነማን ናቸው ለሚለው ግን፣ እንደ ሄሪንግ ያለ በዕፅ ስም እየመራ የሚወስድ መጽሐፍ ለአገራችን አልተጻፈም። የተጻፈው ስለ ጠላቶቻችን ነው፤ ስለ ቱታ ብዙ ተጽፏል፤ በርስተኛው እምቧይ ቅጠል ውስጥ ስለሚኖረው ግን ማንም ግድ የለውም፣ ቲማቲም አልነካምና።

መሪጌታ፦ ይህ የሰው ልማድ ነው፤ ታሪክ የሚጻፈው ለወራሪ ነው። ታዲያ ከየት ይጀመራል?

ተማሪዋ፦ ከአሮጌ ጋዜጣ። የተሰረሰረ ቅጠል በጋዜጣ መካከል ተጭኖ ከደረቀ መንገዱም፣ ኩሱም፣ አንዳንድ ጊዜ እጩ ራሱም አብሮ ይደርቃል። በአውሮፓ የሆነውን ልንገርዎት። ሆርስ ቼስትነት በሚባለው ዛፍ ላይ አንድ ሰርሳሪ የእሳት ራት በ1984 በመቄዶንያ በኦህሪድ ሐይቅ ዳር ታየ፣ በ1986 ስም ወጣለት፣ በጥቂት ዓመታትም አውሮፓን ሸፈነ፤ ከየት እንደ መጣ ግን ብዙ ክርክር ሆነ። በ2011 የወጣ ጥናት መልሱን ያገኘው በዱር ሳይሆን በሄርባሪየም መደርደሪያ ነው። በ1879 ከግሪክ የተለቀመ የዛፉ ቅጠል በወረቀት ተለጥፎ ተቀምጦ ነበር፤ በውስጡም ሰርሳሪው ከነሬሳው ተገኘ፤ ከሬሳው ላይም ዲኤንኤ ወጣ። ቅጠሉን የለቀመው ሰው ዕፅ የለቀመ መስሎት ነፍሳትም ለቅሞ ነበር።

መሪጌታ፦ ግሩም ነው! የማያውቁትን መጠበቅ ይሏል ይህ ነው። እንግዲያው እነ ሺምፐር ከአገራችን የወሰዷቸውም ቅጠሎች...

ተማሪዋ፦ በአውሮፓ ሙዝየሞች ተቀምጠዋል፤ ዛሬም ወደ ብርሃን ቢያነሷቸው መንገድ ያለባቸው አይጠፉም ብዬ አስባለሁ። ከዚያም ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል፤ በጭልጋ፣ ከጎንደር በስተ ምዕራብ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቈጠሩ ወደ ድንጋይ የተለወጡ ቅጠሎች ላይ የጥንት ነፍሳት የበሉት ቍስል ተጠንቷል። እኛ ግን የአምናውን የኮልፌ ቅጠል አላስቀመጥንም። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ያህል ስፋት ይዞ ከፊሉ በዚህ በእኛ ክፍለ ከተማ ውስጥ ይገኛል፤ የተተከለው በዩኒቨርሲቲውና በከተማው አስተዳደር ትብብር ነው። እዚያ ላለው የአገር በቀል ዛፍና ቍጥቋጦ ሁሉ የሰርሳሪዎቹ መዝገብ ቢከፈት፣ አሥር ተማሪ ለአሥር ዓመት የሚበቃ ሥራ አለው።

መሪጌታ፦ ከአንቺ ጋር አሥራ አንድ፣ ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት። የሐዋርያት ቍጥር ሞላ። እኔ የዕፁን ስም እየነገርሁ፣ አንቺ የኩሱን ሰልፍ እየቈጠርሽ። በይ አሁን ይህን አውጥ በብልቃጥ ክተቺው፤ ዝንብም ቢወጣ ተርብም ቢወጣ፣ ለእናትሽ ሳይነገራቸው ማንም መድኃኒት እንዳይረጭ እኔ ራሴ እቈማለሁ።

ምልልሱ እዚህ ላይ ይቁም። ጸሐፊው ለአንባቢ የሚያቀርበው ልመና አንድ ነው። በአጥርዎ፣ በጓሮዎ ወይም በወንዙ ዳር ባለ አረም ላይ ነጭ መንገድ ያለበት ቅጠል ቢያገኙ፣ ነቅለው ከመጣልዎ በፊት አንዱን ከነአበባው ቀጥፈው በጋዜጣ መካከል ይጫኑት፤ በወረቀትም ላይ የዕፁን ስም በሠፈርዎ እንደሚጠራው፣ የተገኘበትን ቀበሌና ቀኑን ይጻፉበት፣ ስምዎን ቢጨምሩበትም ነውር የለውም። ብሔራዊው ሄርባሪየምና የሥነ እንስሳት ሙዝየሙ ሁለቱም በአራት ኪሎ ግቢ ይገኛሉና፣ ለእንዲህ ያለው ስብስብ አንድ መደርደሪያ ለይተው ቢቀበሉ፣ ለአውጥና ለእምቧይ ሰርሳሪዎች ያልተጻፈው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ቅጠል ያገኛል።